ለግብርና ትምህርት የማስተማር ልምምድ ትምህርት ቤት አመራረጥ፦ ወደ ሰሜን ሸዋ ለምትወጡ ሠልጣኞች

ለማስተማር ልምምድ ከሚወጡ የግብርና ሠልጣኞች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የሚመርጡት ዘመድ ያለበትን ወይም መኪና የማይጠፋበትን ከተማ አይተው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። ሠልጣኙ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ ይከርምና አንድም ቀን ተማሪ ይዞ ማሳ ሳይወጣ፣ አንድም መምህር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሳያየው ይመለሳል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የስንፍና ውጤት አይደለም። ትጉህ ልጅም ቢሆን የሚያስተምርበት መሬት፣ የሚያርመውም ሰው ከሌለ ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው፣ እናንተ እዚያ በምትቆዩባቸው ሳምንታት ማሳው ላይ ወይም በረቱ ውስጥ የሚሠራ ሥራ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ክፍል ገብቶ የሚያያችሁ መምህር መኖሩ። የመኝታ ቤቱም፣ የመንገዱም፣ የከተማው ድምቀትም ጉዳይ ከእነዚህ በኋላ ይታያል።

ደረጃ 1፦ የልምምዱን ጊዜ ከእርሻው ወቅት ጋር አገናኙ

ትምህርት ክፍላችሁን እነዚህን ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ፦

- ልምምዱ በየትኛው ቀን ተጀምሮ በየትኛው ቀን ያበቃል?
- በሳምንት ቢያንስ ስንት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይጠበቅባችኋል?
- ከተቋማችሁ የሚላከው አማካሪ ስንት ጊዜ መጥቶ ያያችኋል?
- ትምህርት ቤቱን ራሳችሁ መምረጥ ትችላላችሁ ወይስ የምትመደቡት ከተዘጋጀ ዝርዝር ነው?

ከዚያ ወረቀት አምጡና ወራቱን ጻፉ። በየወሩ ሥር በአካባቢው ምን እንደሚሠራ አስፍሩ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ዋና ሆኖ የሚታየው የመኸር ሰብል የሚዘራውና የሚታረመው በአብዛኛው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የምትወጡ ከሆነ የምታገኙት አጨዳ፣ ውቂያ፣ ማከማቸትና የነቀዝ መከላከል ነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ ከየካቲት ጀምሮ፣ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ወረዳ ማሳው ገለባ ብቻ ነው። ሥራ የሚኖረው በመስኖ፣ በበልግ፣ በእንስሳት እርባታና በችግኝ ጣቢያ ነው። የችግኝ ጣቢያን ማንም አያስበውም፤ ነገር ግን ለክረምት ተከላ ችግኝ የሚፈላው በበጋ ስለሆነ አፈር ማዘጋጀት፣ መዝራት፣ ማዛወርና ማጠጣት ሁሉ በእናንተ ጊዜ ላይ ይወድቃል።

*ካልሆነ፦* የልምምዱ ቀን ገና ካልተቆረጠ ትምህርት ቤት አትምረጡ። ለሁለቱም መንፈቅ ዓመት አንድ አንድ አካባቢ በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ወረዳውን ምረጡ

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከውርጭ ወደ ማንጎ ትወርዳላችሁ። ያዘጋጃችሁት የትምህርት ዕቅድ ለአንዱ የሚሆን ሆኖ ለሌላው የማይረባ ሊሆን ይችላል።

ቀወት (ሸዋ ሮቢት)፣ ኤፍራታና ግድም (አጣዬ)። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለምትወጡ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ስለሚለማ መደብ ማዘጋጀትን፣ ችግኝ ማዛወርንና የውሃ አጠቃቀምን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማሳ ታስተምራላችሁ። ማሾ የምትፈልጉ ግን የመኸር ሰብል መሆኑን አትርሱ፤ በመጋቢት ብትሄዱ አታገኙትም። ቆላ ስለሆነ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያም አለኝ፦ አትክልት አምራቾች ፀረ ተባይ ይረጫሉ። ባለቤቱን መቼ እንደረጨ ሳትጠይቁ ተማሪ ይዛችሁ ማሳ አትግቡ፤ በቅርብ ተረጭቶ ከሆነም ጉብኝቱን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ።

መንዝ (መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ)። እዚህ ዋናው በግ ነው። የመንዝ በግ ዝርያን በአርቢዎች መንጋ ውስጥ የማሻሻል ሥራ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራ ስለቆየ አውራ መምረጥንና መዝገብ መያዝን የሚያውቅ አርሶ አደር ታገኛላችሁ። ተማሪዎቹም ከበግ ጋር ያደጉ ናቸው። አንዲት በግ ወደ ግቢው አስመጡና የታችኛ ከንፈሯን ዝቅ አድርጋችሁ የፊት ጥርሶቿን አሳዩ፦ ሁሉም ትንንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ገና ልጅ ናት፤ መካከል ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ከወጡ ዓመት አልፏታል። ከዚያ ተማሪዎቹ በየቤታቸው የሚያውቁትን ይነግሯችኋል፤ ክፍለ ጊዜውም ያጥርባችኋል። በመንዝ የበልግ ገብስም አለ፤ ግን በልግ ይከዳል። ዕቅዳችሁን በበልግ ዝናብ ላይ ብቻ አትጣሉ።

ባሶና ወራና፣ አንጎለላና ጠራ (በደብረ ብርሃን ዙሪያ)። ገብስ፣ ባቄላና የወተት ከብት አለ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብ ስለሆነ በደብዳቤ ጠይቃችሁ ለተማሪዎች ጉብኝት ማመቻቸት ትችላላችሁ። አማካሪም ቶሎ ይደርሳል። ችግሩ ለከተማው ቅርብ የሆኑት ትምህርት ቤቶች በሠልጣኝ መጨናነቃቸው ነው። ለአንድ መምህር ሦስት ሠልጣኝ ከደረሰ የምታስተምሩት ክፍለ ጊዜ ይጠፋል።

ሞረትና ጅሩ (እነዋሪ)፣ ሲያደብርና ዋዩ (ደነባ)። ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። ስለ ውሃ ማጠንፈፍ፣ ስለ መደብና ቦይ አወጣጥ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሥራው ግን በክረምት ነው። በትምህርት ወራት የሚቀራችሁ የመደቡ ቅሪት፣ ስንዴና ጤፍ አጨዳው፣ ከዚያም የከብት ማድለቡ ነው። የጅሩ ሰንጋ በከንቱ አልተወራለትም፤ አደላቢዎቹ ስለ መኖ አሰጣጥ ከመጽሐፉ የማይተናነስ ዕውቀት አላቸው።

ምንጃር ሸንኮራ (አረርቲ)። ጤፍና ሽንብራ ነው። ለመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ጥሩ፣ ለሁለተኛው ደረቅ። በሁለተኛው የምትሄዱ ከሆነ መስኖ ያለበትን ቀበሌ ለይታችሁ ጠይቁ።

መርሐቤቴ (ዓለም ከተማ)። እርሻው አይከፋም፤ ነገር ግን መንገዱ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ የጀማን ሸለቆ የሚያቋርጥ ስለሆነ ከደብረ ብርሃን የሚነሣ አማካሪ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል። አማካሪያችሁ ለመምጣት ፈቃደኛ መሆኑን በአንደበቱ ሳትሰሙ አትወስኑ።

ደረጃ 3፦ ክፍለ ጊዜ መኖሩን በስልክ አረጋግጡ

ሦስት ትምህርት ቤት ለዩ፤ ከዚያ በላይ አትዘርዝሩ። ስልክ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ታገኛላችሁ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና በ11ኛና በ12ኛ ክፍል በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሐሳቡ ሁሉ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ስለሆነ ለፈተናው የማይቀርበው ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ ማጠናከሪያ ሲወሰድ ይታያል። በተለይ ከሚያዝያ በኋላ። ስለዚህ ዋና ክፍላችሁ 11ኛ እንዲሆን ጠይቁ።

ስትደውሉ ረጅም መግቢያ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ርእሰ መምህር ነዎት? የግብርና ትምህርት ሠልጣኝ ነኝ፤ ለማስተማር ልምምድ እናንተ ጋ ለመምጣት እያሰብሁ ነው። ካላስቸገርሁዎት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት?»

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦

1. ግብርናን አሁን የሚያስተምረው ማን ነው? በሙያው የተመረቀ ነው ወይስ የባዮሎጂ መምህር ደርቦ ይዞት?
2. በሳምንት በአንድ ክፍል ስንት ክፍለ ጊዜ አለው? ስንት የ11ኛ ክፍል ምድብስ አለ?
3. ትምህርት ቤቱ የሚያለማው መሬት አለ? በአሁኑ ሰዓት ምን አለበት?
4. በዚህ ዓመት ሌላ ሠልጣኝ ተቀብላችኋል?

ሦስተኛውን ጥያቄ «በአሁኑ ሰዓት» ብላችሁ ጠይቁ። «መሬት አለን» የሚል መልስ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መሬቱ የእግር ኳስ ሜዳ ዳርቻ ያለ ሣር ሊሆን ይችላል፤ ለአጫጅ ተኮናትሮም ሊሆን ይችላል።

*ካልሆነ፦* ርእሰ መምህሩ «ኑ ብቻ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ካሉ በትሕትና አመስግኑና የግብርና መምህሩን ስልክ ጠይቁ። ትክክለኛው መልስ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ደረጃ 4፦ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ

ሳታዩ አትፈርሙ። በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ሂዱ። ቅዳሜ ብትሄዱ የምታዩት ዘበኛና ሕንፃ ነው።

ዕቃ ቤቱን አስከፍቱ። ቁልፉ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ዕቃው አይሠራበትም ማለት ነው። ዶማውን አንሡና አፉን እዩ። በየጊዜው የሚቆፈርበት ዶማ አፉ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ እጀታውም የሰው እጅ ያለሰለሰው ነው። ዝገት የለበሰና እጀታው የሚወዘወዝ ዶማ ብቻ ከሆነ ያለው የመሣሪያ መግዣ ወይም ማስጠገኛ ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን የእናንተ ጣጣ ይሆናል።

ውሃውን ክፈቱ። ቧንቧ መኖሩን ሳይሆን ውሃ መውጣቱን እዩ። በሳምንት በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣም ጠይቁ።

አጥሩን ዙሩ። አጥር የሌለው መደብ ለከብት ነው። ጎመን ተክላችሁ ሰኞ ስትመለሱ ግንዱ ብቻ ይጠብቃችኋል።

ከክፍል እስከ ማሳ በእግራችሁ ሂዱ፤ ሰዓት ያዙ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ማሳው ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ከወሰደና ተማሪ ለማሰለፍ 5 ደቂቃ ከጨመራችሁ የቀረው ለማስተማር አይበቃም። እንደዚያ ከሆነ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከታታይ ሆኖ እንዲደለደል ወይም ከምሳ በፊት ያለው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የክፍለ ጊዜ ድልድል አንዴ ከወጣ በኋላ ለሠልጣኝ ተብሎ አይነካም፤ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ስለ ፍግ ጠይቁ። ሁሉም ሠልጣኝ ኮምፖስት ያቅዳል። በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመንዝ ግን እበት ኩበት ሆኖ የሚነድ ማገዶ ነው፤ ለገበያም ይወጣል። «ነገ ሁላችሁም እበት ይዛችሁ ኑ» ብትሉ ተማሪውን ከእናቱ ጋር ታጣላላችሁ። አካባቢው ይህ ከሆነ የወጥ ቤት ትራፊ፣ ቅጠልና አመድ በብዛት የሚገኝበትን ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

*ካልሆነ፦* ትምህርት ቤቱ መምህሩ ጥሩ ሆኖ መሬት ከሌለው ወዲያውኑ አትሰርዙት። በእግር በሚደረስበት ርቀት የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የችግኝ ጣቢያ ወይም ፈቃደኛ አርሶ አደር መኖሩን ጠይቁ። የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ አግኙት፤ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ተብለው በሙያ የተከፈሉ ስለሆኑ ለርእሳችሁ የሚስማማውን ለዩ። መሬት የሌለው ትምህርት ቤት ከእንዲህ ያለ ጎረቤት ጋር ሲሆን ሰፊ ግን ባዶ ግቢ ካለው ይሻላል።

ደረጃ 5፦ መካሪ መምህሩን እወቁ

ብቻውን ሊወስን የሚገባው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ መካሪ፣ ማለትም ክፍል ገብቶ የሚያያችሁና የሚያርማችሁ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ያለበት ደካማ ትምህርት ቤት ሙያ ያስተምራችኋል፤ መካሪ የሌለበት ጥሩ ትምህርት ቤት ደመወዝ የማይከፈለው ተተኪ መምህር ያደርጋችኋል።

መምህሩን ክፍል ሲያስተምር ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። «መምህር፣ ካልከበደዎት አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ሆኜ ልከታተል?» በሉ። ፍጹም እንዲሆን አትጠብቁ። የምታዩት ተማሪዎቹን በስም የሚጠራ መሆኑን፣ ከአካባቢው እርሻ ምሳሌ የሚያነሣ መሆኑን፣ ተማሪ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ነው። ከክፍል ስትወጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ክፍሌ ገብተው ያዩኛል? ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዴን ከማስተማሬ በፊት ያዩልኛል ወይስ በኋላ?

«አንተ ከመጣህማ እኔ ትንሽ አርፋለሁ» የሚል መምህር ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ለእናንተ ግን አይሆንም።

*ካልሆነ፦* መምህሩ የባዮሎጂ ሆኖ ግብርናን ደርቦ ከያዘ በማስተማር ዘዴ እሱ፣ በሙያው ደግሞ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እንዲያግዛችሁ በሁለት እግር አቁሙት። አማካሪያችሁም ይህን ከመጀመሪያው ይወቅ።

ደረጃ 6፦ መንገድ፣ ማደሪያና ጸጥታ

ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው፣ መንገድም በየጊዜው መቋረጡ ይታወቃል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ዛሬ መከፈቱን፣ ተማሪም መኖሩን፣ መንገዱም ክፍት መሆኑን እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ። ስለ ጸጥታ የሚጠራጠር ቤተሰብ ካላችሁ አትከራከሩት፤ ሌላ ወረዳ ምረጡ። ምንም ዓይነት የልምምድ ነጥብ ለሕይወት አይለወጥም።

ቤት ስትከራዩ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ይሁን። ሴት ሠልጣኞች ብቻችሁን ከመከራየት ከሴት መምህራን ጋር ወይም ባለቤቶቹ በሚኖሩበት ግቢ ተከራዩ፤ አፈላልጉኝ ብላችሁ የምትጠይቁትም ደላላን ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ሴት መምህራን ይሁን። ለደጋው ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ የመንዝና የደብረ ብርሃን ሌሊት ቀልድ አያውቅም።

ደረጃ 7፦ ደብዳቤና ስምምነት

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦

1. ከተቋማችሁ ማኅተም ያለው ሸኚ ደብዳቤ አውጡ፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በግልባጭ ለትምህርት ቤቱ።
2. መጀመሪያ ወረዳው ዘንድ ቅረቡ። በቀጥታ ትምህርት ቤት የሚገባ ሠልጣኝ ርእሰ መምህሩን ከአለቆቻቸው ጋር ያጋጫል።
3. የወረዳውን ምሪት ይዛችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ፤ መዝገብ ቤት አስመዝግቡ፤ ቁጥሩን ጻፉ።
4. ከርእሰ መምህሩና ከመካሪው ጋር የምትይዙትን ክፍል፣ ክፍለ ጊዜ፣ የመሬት ቁራጭና የመሣሪያ አጠቃቀም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በቃል የተሰጠ መደብ በማግሥቱ ለሌላ ክበብ ይሰጣል።

ከተፈራረማችሁ በኋላ የማሳ ቀኖቻችሁን በአካባቢው የበዓል ቀናት ላይ አመሳክሩ። በአርሶ አደር ማሳ ላይ ሠርቶ ማሳያ የምታቅዱ ከሆነ በ12፣ በ21፣ በ29 እና የቀበሌው ታቦት በሚከበርበት ቀን አርሶ አደሩ ሞፈር አይነካም። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ ዓርብ ከሰዓት አታቅዱ። የወተት ተዋጽኦን በተግባር አስቀምሳችሁ ማስተማር ካሰባችሁም ከዐቢይ ጾም በፊት ወይም ከፋሲካ በኋላ አድርጉት። የገበያ ቀን ደግሞ ተማሪ ይሳሳል፤ ዋና ትምህርት አታስቀምጡበት።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ወይም ምርጫው ሲበላሽ

ሁሉን አጣርታችሁም ነገር ሊበላሽ ይችላል። ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ እነዚህን እዩ፦

- መካሪው አንድም ጊዜ ክፍላችሁ ካልገባ፦ ቅሬታ አታሰሙ። የትምህርት ዕቅዱን በእጁ ስጡትና «ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይህን ላስተምር ነው፤ ቢያዩልኝ» ብላችሁ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። ይህንም ሁለት ጊዜ ካለፈው ለርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ ለአማካሪያችሁ ንገሩ።
- ክፍለ ጊዜያችሁ ለሌላ ትምህርት ከተወሰደ፦ የተፈራረማችሁበትን ገጽ ይዛችሁ የትምህርት ክፍል ተጠሪውን አነጋግሩ፤ ምትክ ክፍለ ጊዜ በጽሑፍ ያዙ።
- የማይመለከታችሁ ሥራ ከተጫነባችሁ፦ ሌላ ትምህርት በቋሚነት ማስተማር የልምምዱ አካል አይደለም። መምህር ለታመመበት አንድ ቀን መተካት መልካም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አማካሪው ጣልቃ ይግባ።
- በሦስተኛው ሳምንት ውስጥም አንድ ተግባራዊ ትምህርት ማሳ ላይ ካልሰጣችሁ፦ ለመቀየር ጠይቁ። ከዚያ ዘግይቶ መቀየር የተማሪውንም የእናንተንም ጊዜ ያባክናል፤ ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛና ሦስተኛ ብላችሁ የለያችኋቸውን ትምህርት ቤቶች ስልክ ያኔ ታወጣላችሁ።

ስትለቁ የተዋሳችሁትን መሣሪያ ቆጥራችሁ አስረክቡ፤ የጀመራችሁትን መደብ የሚያጠጣ ተማሪ መድቡ። የተገኛችሁበትንና ያስተማራችሁበትን መዝገብ በየዓርቡ ለመካሪው አስፈርሙ፤ የተፈረመበትን ገጽ ያኔውኑ ፎቶ አንሥታችሁ ለአማካሪያችሁ ላኩ። ትምህርት ቤቱ በድንገት ቢዘጋ ወይም መንገድ ቢቋረጥ እስከዚያ የሠራችሁት ሳምንት እንዲቆጠርላችሁ የሚያደርገው ይህ ገጽ ነው።